የማዳም መንጂያ የቅዳሜ ልጆች

እኛ የቀርቀና ደሴት ሰዎች ምስጢር አይዋጥልንም። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ሚስት ምን እንዳበሰለች፣ የማን ልጅ ማዶ ወዳለችው ከተማ ወደ ስፋቅስ ተሻግሮ ምን ገዝቶ እንደመጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ማዳም መንጂያ በገዛ ክፍሏ ውስጥ የሚሆነውን ስምንት ወር ሙሉ ሳታውቅ ቀረች ቢባል የሚያምን እንግዳ የለም። ግን እውነት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

መንጂያ የሪይስ ሐሙዳ ልጅ ናት። ሪይስ ማለት የጀልባ አለቃ ነው፤ የሐሙዳ ጀልባ እሱንና ምሳውን ብቻ የምትችል ብትሆንም፣ ሪይስ ካላሉት ሰላምታ አይመልስም ነበር። ኑሮው ኦክቶፐስ የሚባለውን ባለ ስምንት እግር የባሕር እንስሳ ማጥመድ ነው። ትንንሽ የሸክላ ገንቦዎች በረጅም ገመድ ላይ አስሮ ከባሕሩ ወለል ላይ ያሳርፋቸዋል። ምግብ አያደርግባቸውም፤ ኦክቶፐስ ጎጆ ፈላጊ ነውና ቤት አገኘሁ ብሎ በራሱ ፈቃድ ይገባል። የሐሙዳ ሕግ ሁለት ነበር። የሌላ ሰው ገመድ አይነካም፤ የራስም ቢሆን ቀኑ ሳይደርስ አይጎተትም። ገብቷል አልገባም እያለ በየቀኑ የሚያነሳ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ባዶ ገንቦ ሲያጥብ ይኖራል ይል ነበር። መንጂያ ይህን ሰምታ አደገች። ሰምታ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ አምናበት አደገች፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ጣሊያንኛውን ያስተማራት ደግሞ ሰው አይደለም። በልጅነቷ ዘመን ነፋሱ ከሰሜን ሲነፍስ የጣሊያን ቴሌቪዥን ከባሕር ማዶ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ሐሙዳ አንቴናውን ከዘንባባ ግንድ ላይ የሰቀለው ኳስ ሊያይበት ነው፤ መንጂያ ግን ከኳሱ በፊት የሚመጣውን የሳሙናና የመኮሮኒ ማስታወቂያ በቃሏ ያዘች። በዘጠኝ ዓመቷ እንዴት ዋልሽ ማለትን በጣሊያንኛ ሳታውቅ፣ ከልብስ ላይ የዘይት ነጠብጣብ እንዴት እንደሚለቅ አሳምራ ትናገር ነበር። ኋላ ቱኒስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ መምህራኑ ቋንቋውን የት እንደለመደች ሲጠይቋት፣ ልብስ ሲታጠብ እያየሁ ብላ አሳቀቻቸው።

ትምህርቷን ጨርሳ ተመለሰችና በደሴቲቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጣሊያንኛ መምህርት ሆነች። አጥማጁን ቡራዊን አገባች። ሽራዝ የምትባል አንድ ሴት ልጅ ወለደች። ከዚህ በላይ ከዓለም የምትፈልገው አልነበራትም፤ ካለችበት አለመነቀልን ብቻ።

መነቀል ግን ዓመት በመጣ ቁጥር ደጇን ያንኳኳ ነበር። አረብኛውም ፈረንሳይኛውም እንግሊዝኛውም ግዴታ ነው፤ ጣሊያንኛ ግን በምርጫ ነው። ሁለተኛ ዓመት የሚገባ ተማሪ ከጣሊያንኛ፣ ከጀርመንኛና ከስፓኒሽ አንዱን በቅጽ መርጦ፣ ወላጁን አስፈርሞ ይመልሳል። አንዱን ቋንቋ የመረጡት ከአሥራ አምስት ካነሱ ያ ክፍል ይዘጋል፤ መምህሩም ወደ ዋናው ምድር ይዛወራል። መንጂያ በግንቦት በግንቦት እስከ አሥራ አምስት መቁጠር የሚያስለቅሳት ሴት ሆነች። አንድ ዓመት አሥራ አራት መጥተው፣ አሥራ አምስተኛውን ከአባቱ ጀልባ ላይ አውርዳ ነው ያስፈረመችው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለዚህ ነገር መላ ዘየደች። ከትልልቆቹ ተማሪዎች ሁለት ሦስቱን ትመርጥና ታናናሾቹን በየቅዳሜው ጣሊያንኛ እንዲያስተምሩ ታሠለጥናቸው ጀመር። ታናናሾቹ ቋንቋውን ከወዲሁ ከለመዱት የምርጫው ዓመት ሲደርስ እጃቸው ወደ ሌላ አይሄድም፤ ታላላቆቹም እያስተማሩ ይማራሉ።

ረቡዕ ረቡዕ ታላላቆቹን ሰብስባ የምታሠለጥናቸው ቋንቋውን አልነበረም፤ ዝም ማለትን ነበር። ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ታናሽ ልጅ መልሱ ከሆዱ እስከ አፉ የሚመጣበት መንገድ ሩቅ ነው ትላቸዋለች። የተሳሳተውን እናንተ አታርሙት፣ አጠገቡ ያለው ያርመው። ወደ ሰሌዳው ዞራችሁ አታውሩ፣ ከጀርባችሁ የሚማር የለም። አዲስ ቃል ስታመጡ መጀመሪያ በእጃችሁ አሳዩት፣ ቀጥሎ በአፋችሁ፣ መጨረሻ በጠመኔ። እነዚህን ቃላት ከታላላቆቹ ሁሉ ሰነፍ የተባለው እንኳ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይወጣቸዋል።

ቅዳሜ ሲደርስ ግን እሷ አትገባም። በባሕሩ ዳር ያለውን የድሮውን ትምህርት ቤት ትከፍታለች፣ ልጆቹን በስማቸው እየጠራች ታስገባለች፣ ጠመኔውን ለታላቁ ትሰጣለች፣ ከዚያ ወደ ቤቷ። እስከ ሰኔው ፈተና ድረስ አንድም ቀን አትገባም፣ በመስኮት አታይም፣ ልጆቹን መንገድ ላይ አግኝታ ምን ተማራችሁ አትልም። የገዛ ልጇን ሽራዝን እንኳ አትጠይቅም። ገመዱን ለሰው ሰጥቼ መልሼ ብጎትት የሐሙዳ ልጅ አይደለሁም ትል ነበር። ሌላ አገር ቢሆን አስተማሪዋ ሰነፈች ይባላል። እኛ ግን የአጥማጅ ልጆች ነንና ነገሩ ገባን፣ አከበርነው። በኋላም ተጠቀምንበት።

ከመጀመሪያዎቹ ታላላቆች አንዱ ጋሳን ነበር፤ የቡራዊ የወንድሙ ልጅ። ዳቦ የሚለውን ቃል ሊያስተምር ሲነሳ ሊጥ አቡክቶ፣ ጋግሮ፣ ሰርቆ፣ ተይዞ፣ ተገርፎ ነው የሚጨርሰው፤ ያውም ሳይናገር፣ በእጁ ብቻ። ታናናሾቹ ቅዳሜን እንደ በዓል ይጠብቁት ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ በአንድ መስከረም ከአሥራ አንድ ጓደኞቹ ጋር በትንሽ ጀልባ ወደ ጣሊያን ተነሳ። ጀልባዋም ልጆቹም እስከ ዛሬ አልተገኙም። ይኸው ሰባት ዓመት ሆነ።

መንጂያ የቅዳሜውን ትምህርት ዘጋችው። ዓመት ሙሉ የድሮው ትምህርት ቤት ቁልፍ ከኩሽናዋ መስቀያ ላይ ዛገ። ከዓመት በኋላ እናቶቹ ራሳቸው መጡ፤ ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድ ለመንገድ እየዞሩ አስቸገሩን፣ ክፈችውና ስብስቢልን አሏት። ከፈተችው። ስለ ጋሳን አንድም ሰው አንድም ቃል አላነሳባትም። መንጂያ ያን ዝምታ እንደ ትልቅ ደግነት ቆጠረችው፤ የአገሬ ሰው ቁስሌን አይነካም ብላ አመሰገነች።

ከታላላቆቹ አንዷ ኢንሳፍ የመጣችው ከዚያ ብዙ ቆይታ ነው። እናቷ ኦክቶፐስ እየደበደበች የምታደርቅ፣ እጇ በጨው የተበላ ሴት ናት። ልጅቷ እስከ አምስት ቁጠሪ ስትባል እስከ ሰባት የምትቆጥር ዓይነት ናት። መንጂያ ገና በመጀመሪያው ረቡዕ አይታ ይቺ ሌላ ናት አለች። በመጀመሪያው ዓመት ሰኔ ላይ ታናናሾቹን ስትፈትናቸው ከሃያ ስድስቱ አንድ እንኳ የተንተባተበ አልነበረም። መንጂያ ደስታዋ ከልክ አልፎ፣ የዓመታት ትምህርቶቿን ያሠፈረችበትንና ለማንም ሰጥታ የማታውቀውን ደብተሯን ለኢንሳፍ ሰጠቻት። ረቡዕ ረቡዕ ከሥልጠናው በፊት ምሳ ከእነሱ ቤት ሆነ። ከኩስኩሱ ላይ የኦክቶፐሱን ወፍራም እግር መርጣ የምታስቀምጠው ለኢንሳፍ ነበር፤ ሽራዝ እኔስ የማን ልጅ ነኝ እያለች ትቀልድ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት እነዚያው ሃያ ስድስት ልጆች ከፍ አሉ፤ በግንቦት የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ሽራዝም ከእነሱ አንዷ ናት። መንጂያ በዚያ ዓመት ያለ ሥጋት ተኛች ማለት ይቻላል። ኢንሳፍ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ቁልፉን ስትመልስ በር ላይ ቆማ በአጭሩ ትነግራታለች፤ ዛሬ ቁጥር ነበር፣ ዛሬ የቤት ዕቃ ነበር፣ ዛሬ ሁለቱ ሲንተባተቡ ጓደኞቻቸው አረሙላቸው። መንጂያም በርቺ ልጄ ትላታለች፤ ከዚያ በላይ አትጠይቅም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዳይሬክተሩ ሲ ለዝሃር ወደ ቢሮው አስጠራት። ሲ ማለት አቶ ነው፤ ሲ ለዝሃር ክፉ ወሬ ሲኖረው ወንበር ይስባል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ ይጠርጋል። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ጠረገው። ከፊቱ የተደረደሩት የምርጫ ቅጾች ናቸው።

“ጣሊያንኛ ሁለት ነው” አላት።

“ያልመለሱ ልጆች አሉ ማለት ነዋ።”

“ሁሉም መልሰዋል። ሃያ አራቱ ጀርመንኛ ነው የመረጡት።”

መንጂያ ሳቀች። በደሴቲቱ ላይ ጀርመንኛ የሚያስተምር ሰው ኖሮ አያውቅም። ልጆቹ ተማክረው እየቀለዱ ነው፣ ወይም ቅጹ ላይ መስመር ስተው ነው አለችው። ሲ ለዝሃር ከስፋቅስ የጀርመንኛ መምህር እንደተጠየቀና እንደተፈቀደ ነገራት። መቼ ተጠየቀ አለች። በየካቲት አላት። ልጆቹ ሳይመርጡ በየካቲት እንዴት ተጠየቀ ብትለው መነጽሩን ለሦስተኛ ጊዜ አወለቀው።

“ማዳም መንጂያ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ክፍሉ ክፍት ነው። ሄደው በጆሮዎ ይስሙ።”

መንገዱን እንዴት እንደሄደችው አታውቀውም። ከድሮው ትምህርት ቤት በር ላይ ስትደርስ እጇ ለማንኳኳት ተነሳ፤ በገዛ ክፍሏ በር ላይ። ያኔ ተናደደችና ገፍታ ገባች። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሰኔ በፊት ያንን ደፍ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው።

አንድ ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው ተኝቶ ያቃስታል፤ ሕመምተኛ መሆኑ ነው። ሁለት ልጆች ጎንበስ ብለው በጀርመንኛ ይጠይቁታል። አንዷ ተሳሳተች። ኢንሳፍ አላረመችም፤ ጠበቀች፤ አጠገቧ ያለው ልጅ አረማት። ኢንሳፍ ጉልበቷን በእጇ አሳየች፣ ቀጥሎ ቃሉን አለችው፣ መጨረሻ ላይ ወደ ጎን ቆማ፣ ፊቷን ከልጆቹ ሳታዞር፣ በጠመኔ ጻፈችው። ከጠረጴዛው ላይ የተከፈተው የመንጂያ ደብተር ነው፤ ከጣሊያንኛው ጎን ለጎን በኢንሳፍ እጅ ጀርመንኛው ተሞልቶበታል። መንጂያ ለአንድ አፍታ ኮራች፤ እንዴት አድርጌ አሠለጠንኳት አለች በልቧ። በዚህ በመኩራቷ ከሁሉ ይልቅ ራሷን ጠላች።

ሕመምተኛው ልጅ አይቷት ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ሽራዝ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገቷን ደፋች። ኢንሳፍ ልጆቹን በእጇ ምልክት አስወጣቻቸው፤ አንድ በአንድ በመንጂያ አጠገብ ጎንበስ ጎንበስ እያሉ፣ ከለቅሶ ቤት እንደሚወጣ ሰው ወጡ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለች መንጂያ።

“ከጥቅምት፣ ማዳም።”

“ቁልፌን ስትመልሺ በየቅዳሜው ምን ነበር የምትነግሪኝ?”

“ያስተማርኩትን ነው የነገርኩዎት። ቁጥር አስተምሬ ቁጥር አልኩ። አልዋሸሁም።”

“አልዋሸሽም። ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ከገበታዬ ስትቀርቢ፣ አንድ ቀን እንኳ ማዳም እንዲህ እያደረግሁ ነው ብትዪኝ ምን ይቀርብሽ ነበር?”

“ብነግርዎት ይከለክሉኝ ነበራ።”

“አዎ እከለክልሽ ነበር። ክፍሉ የእኔ ነው። ደብተሩ የእኔ ነው። ያ አፍሽ ራሱ የእኔ ሥራ ነው።”

ኢንሳፍ አላለቀሰችም፤ መንጂያ ግን እንድታለቅስ ፈልጋ ነበር። ጀርመን አገር ለነርስነት ሥልጠና ማመልከቷን፣ ቋንቋውን ክረምቱን ሙሉ ስፋቅስ አክስቷ ቤት ተቀምጣ መማሯን፣ ልጆች ማስተማሯ ለማመልከቻዋ እንደሚጠቅማት ሳትሸሽግ ተናገረች። ሐሳቡ ግን የእሷ አልነበረም። የለመኗት እናቶቹ ናቸው። እሷ እምቢ ብትል ኖሮ ልጆቹን ከነጭራሹ ሊያስቀሩ ነበር።

ባጎረስኩ ተነከስኩ አለች መንጂያ ለራሷ። ጮክ ብላ ግን የጠየቀችው ሌላ ነው። “ጣሊያንኛ የመረጡት ሁለቱ እነማን ናቸው?”

“መንትዮቹ። አባታቸው ፓሌርሞ ነው፤ በመጪው ዓመት ይወስዳቸዋል።”

መንጂያ እስካሁን ከሁለቱ አንዷ ሽራዝ ናት ብላ ነበር። ሽራዝን ስለ ቅጹ አልጠየቀቻትም፤ የገዛ ልጇን ምን መረጥሽ ብላ መጠየቅ ነውር መስሏት። ቅጹ ግን ያለ ወላጅ ፊርማ አይመለስም፤ እሷ አልፈረመችም።

“እናቶቹ ምን አድርጌያቸው ነው?” አለች።

ኢንሳፍ ጠመኔውን ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “ሲ ቡራዊን ይጠይቋቸው” አለች። “እኔ የምናገረው አይደለም።”

ቡራዊ ከቤቱ ደጅ፣ ከበለሷ ጥላ ሥር ተቀምጦ የዘንባባ ወጥመድ ይጠግናል። ሽራዝ ቀድማ ደርሳ ነግራዋለች፤ ሲያያት አልደነገጠም፤ ሥራውን ግን ከእጁ አስቀመጠ።

“የሽራዝን ቅጽ የፈረምከው አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ።”

“ስምንት ወር ከእኔ ጋር እየበላህ።”

“ተቀመጪ መንጂያ።”

“ቆሜ ልስማው።”

ነገራት። ባለፈው መስከረም እሷ ለስብሰባ ስፋቅስ ባደረችበት ቀን፣ አሥር ያህል ሴቶች ተሰብስበው ወደ እሱ መጡ። ከፊት የነበረችው የጋሳን እናት ናት፤ የወንድሙ ሚስት። ጣሊያንኛ የጀልባ ቋንቋ ነው አሉት። ጣሊያንኛ ያወቀ ልጅ ዓይኑ ባሕሩ ላይ ነው፤ ጀርመንኛ ያወቀ ግን ወረቀት አለው፣ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ በክረምት ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል፤ እኛ የሚመለስ ልጅ ነው የምንፈልገው አሉት። የቅዳሜውን ትምህርት አስዘጋልን ብለው ነበር የመጡት። አይዘጋ፣ ኢንሳፍ ጀርመንኛውን ታስተምር፣ መንጂያ እንደሆነች ከሰኔ በፊት አትገባም ብሎ ያስታረቀው እሱ ነው።

“ቅዳሜሽን ያተረፍኩልሽ መስሎኝ ነው” አላት።

መንጂያ የሰማችው ይህን አልነበረም። ከዚያ በፊት ያለው ነው ጆሮዋ ላይ የቀረው። ሰባት ዓመት። ሰባት ዓመት በሰርጉም በለቅሶውም ጉንጯን እየሳሙ፣ የደረቀ ኦክቶፐስ በጨርቅ ጠቅልለው እየላኩላት፣ በልባቸው ጋሳንን ያሰመጠችው እሷ ናት ይሉ ነበር። ደግነት ያለችው ዝምታ ፍርድ ኖሯል።

“አንተስ?” አለችው። “አጎቱ አንተ ነህ። አንድ ቀን እንኳ እሷ አይደለችም አልካቸው?”

ቡራዊ እጆቹን አየ።

“በየት አፌ ልበላቸው?” አለ። “የሄደ ቀን ከሰዓት ጋሳን እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ልሄድ ነው አለኝ። ለአክስቴ ለመንጂያ እንዳትነግራት፣ እሷ ከሰማች ከጀልባው ፊት ተኝታ ታስቀረኛለች አለኝ። መሄዱ ላይቀር፣ መሐል ባሕር ላይ እንዳያልቅበት ብዬ ሁለት ጀሪካን ነዳጅ ከጀልባዬ አውርጄ ሰጠሁት። ለእነሱ አንቺ አይደለሽም ብል፣ ታዲያ ማነው ይሉኛል።”

መንጂያ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ ዳብሳ ተቀመጠች። ልጆቹ የጠፉ ሰሞን፣ በአርባው ውስጥ፣ እዚሁ ደጅ ላይ እያለቀሰች እኔ ጣሊያንኛ ባላስተምረው ይሄድ ነበር ወይ ብላ ጠይቃው ነበር። እግሩ ላይ ወድቃ ይቅርታ ለምናው ነበር፤ የወንድምህን ልጅ አሳጣሁህ ብላ። እሱ ፀጉሯን እየዳበሰ አላህ ያውቃል ነበር ያላት።

“አላህ ያውቃል አልከኝ” አለችው። “አንተም ታውቅ ነበር።”

ቡራዊ ወጥመዱን መልሶ አነሳ። እኛም ይህን ዛሬ የምናወራው ሰዎች ከእሱ አንሻልም፤ ነዳጁን ከሰማን በኋላ እንኳ ከመካከላችን ሄዶ ይቅርታ የጠየቃት ሁለት ሰው ቢሆን ነው። ሰው የወቀሰውን መልሶ ከመካስ እንደገና መውቀስ ይቀለዋል።

ማታ ሽራዝ በሩ ላይ ቆማ፣ እናቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ባስተማረቻት ጥርት ባለ ጣሊያንኛ ይቅርታ ጠየቀቻት። መንጂያ በአረብኛ፣ ሂጂ ራትሽን ብዪ አለቻት።

ሰኞ ጠዋት ሲ ለዝሃር ሳይጠራት ቢሮው ገባች። መጀመሪያ ለኢንሳፍ ማመልከቻ የሚሆነውን የምስክር ወረቀት ጻፈች። ሁለት ዓመት ያሠለጠንኳት ናት፣ በደንብ ታስተምራለች ይላል፤ ከዚያ ያለፈ አንድ ቃል የለበትም። እውነት ስለሆነ ጻፈችው። ለልጅቷ አድርስልኝ አለችው፣ ቤቴ አትምጣ።

ከዚያ የዝውውሩን ቅጽ ስጠኝ አለችው። ሲ ለዝሃር ያን ጊዜ ሰው መሆኑ ትዝ አለውና ሊያግዛት ሞከረ። ባሏ አጥማጅ ነው፣ ቤቷ እዚህ ነው፣ ልጅ ታሳድጋለች፤ ይህን ጠቅሶ ደብዳቤ ቢጽፍ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንድትሠራ ይፈቅዱላታል። እሱ ራሱ እስከ ስፋቅስ ሄዶ ይለምንላታል። ከሳምንት በፊት ይህን ቢላት እጁን በሳመችው ነበር።

“አይሆንም” አለችው። “ቅጹን።”

በብዕር ሞላችው። ስም፣ የሥራ ዘመን፣ የሚያስተምሩት ቋንቋ። አብረዋቸው የሚዛወሩ የቤተሰብ አባላት ብዛት ከሚለው ላይ ስትደርስ አልቆመችም፤ ዜሮ ብላ ጻፈች። ሲ ለዝሃር ከማዶ ገልብጦ አነበበው።

“ሽራዝስ?” አላት ቀስ ብሎ።

“ሽራዝ ጀርመንኛዋን ትማር” አለችና ፈረመች።